«እሷ ነች የምትሸጠው»

ልጄ ሰሞኑን ስልኳን ይዛ ዩኒቨርሲቲ ስትመርጥ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። «ምህንድስና እማራለሁ፤ ጎን ለጎን ደግሞ ቢዝነስ» አለችኝ፣ ሻይ ላፍላ የምትለኝ ያህል ቀለል አድርጋ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ስትላቸው በሩ ተዘግቶ እንደሆነ ሳላስበው ዞሬ አየሁ። ሎሚም ሸተተኝ።

እኔ በእሷ ዕድሜ ጎረምሳ ሳለሁ ከእጄ የዓሣ ሽታ አይለቅም ነበር። ትምህርት በሌለ ቀን በማለዳ በብስክሌት ጫሞ ሐይቅ ዳር እወርድና ከአጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ገዝቼ፣ በእርጥብ ቅጠል ሸፍኜ፣ ሲቀላ ሰፈር ላሉት ምግብ ቤቶች አደርስ ነበር። የአርባ ምንጭ ፀሐይ ምሕረት የላትም። ትንሽ ከዘገየሁ ዓሣው ይበላሽና እየተራገምኩ እደፋዋለሁ። ምህንድስና ያስመኘኝ ያ የሚደፋ ዓሣ ነው። ማቀዝቀዣ ሠርቼ፣ ዓሣውን አዲስ አበባ ድረስ እየላኩ መነገድ ነበር ሕልሜ። እዚያው ከተማችን የውሃ ምህንድስና ትምህርት ቤት ተከፍቶ ስለነበር እናቴ ከአጠገቧ እንዳልርቅ ትለምነኝ ነበር። ልቤ ግን አዲስ አበባ ሸፍቷል፤ የማሽኑም ትምህርት፣ ገበያውም እዚያ ነው።

ያኔ፣ በአብዮቱ ዘመን፣ «መነገድ» የሚባል ቃል እንዲህ እንደዋዛ ከአፍ አይወጣም ነበር። ነጋዴ ማለት አሻጥረኛ ማለት ነበር። በእኛ ቀበሌ ደግሞ ማትሪክ ያለፈ ልጅ ምርጫውን ከመላኩ በፊት ከአባቱ ጋር ቀርቦ ይጠየቃል። ስሙ የተበላሸበት ዩኒቨርሲቲው ይቀርበትና ብሔራዊ ውትድርና ይጠብቀዋል። የጎረቤታችን ልጅ እንደዚያ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። የእኔ ተራ ሲደርስ፣ በዓሣው ነገር የጠቆመ ሰው እንዳለ ሰማን።

የዚያን ዕለት ጠዋት እናቴ ቆዳዬ እስኪቃጠል ድረስ እጄን በሎሚ ፈተገችው። እኔን የጨነቀኝ ግን ከሽታው ይልቅ አባቴ ነበር። አባቴ ከካምባ ደጋ የወረደ ሸማኔ ነው፤ አይዋሽም። ወንጌል ከተቀበለ በኋላ እንኳ ውሸት ለእሱ ጎሜ ነው፤ የዋሸ ሰው ጦሱ ለቤቱ ይተርፋል፣ ልጅ ይታመምበታል ብሎ ያምናል። እናቴ አላውቅም እንዲላቸው ብትለምነው የኮፍያውን አቧራ አራገፈ። በዚያ ላይ አማርኛው አለ። ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» እያለ መምህሮቼን ሲያናግር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኝ ነበር። በዚህ አማርኛ ነው እንግዲህ ስለ እኔ ሊመሰክር የሚቀርበው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ካኪ የለበሰ፣ የማይስቅ ሰው ነበር። ምህንድስና ለምን እንደመረጥኩ ጠየቀኝ። ማቀዝቀዣ ለመሥራት አልኩት። ለማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ለሰፊው ሕዝብ» አልኩ፣ ጎሜው በእኔ ይሁን ብዬ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ።

«ከእናንተ ቤት ዓሣ እየነገደ የሚያተርፍ ሰው አለ ይባላል። ማነው?»

አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ተነሣ። አንድ ጊዜ አየኝና ፊቱን ወደ ሊቀመንበሩ መለሰ።

«አለች» አለ። «እሷ ነች የምትሸጠው። ከጫሞ ታመጣለች፣ ሲቀላ ትሸጣለች።»

አለቀልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሊቀመንበሩ ግን ወደ ጸሐፊው ዞሮ «ይኼ ሁሉ ወሬ ለሴት ችርቻሮ ነው እንዴ?» አለው፣ ጊዜውን ያባከነበት ይመስል ተበሳጭቶ። ከዚያም ለአባቴ «ማኅበር ትግባ በላት» አለው።

«እነግራታለሁ» አለ አባቴ።

ዩኒቨርሲቲ እንድሄድ ተፈቀደልኝ። ደጃችን ስንደርስ አባቴ፣ ቤት ውስጥ ከጋሞኛ በቀር የማያናግረኝ ሰው፣ በአማርኛ «ማኅበር ግቢ ተብለሻል» አለኝ። እናቴ ነገሩን ስነግራት እየሳቀች አለቀሰች። እኔም ከእሷ ጋር አለቀስኩ። ከዓመታት በኋላ፣ ተመርቄ ስመለስ፣ ያን ቀን «እሷ» ያለው አውቆ ይሁን ወይስ አማርኛው ከድቶት ጠየቅሁት። «ዋሽቻለሁ እንዴ?» ብሎ መልሶ ጠየቀኝ።

ዛሬ ወደ ጫሞ በሚወስደው መንገድ ላይ የዓሣ ማቀዝቀዣ አለኝ። አባቴ አርጅቷል፤ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው። ልጄ ምርጫዋን ስትነግረው ምህንድስናውን እንጃ፣ ንግዱን ግን በደንብ ሰማው። ጭንቅላቷን እየዳበሰ «ጎበዝ ነው እሱ፤ ይነግዳል» አላት። ልጄ ሳቋን አፍና፣ «እሷ» በል ልበለው ወይ በሚል ዓይን አየችኝ።

ተይው አልኳት። ዛሬ የማቀዝቀዣዬ በር ላይ ቆሜ ባለቤቱ ማነው ሲሉኝ «እኔ ነኝ» የምለው፣ እሱ አንድ ቀን «እሷ ነች» ስላለልኝ ነው።