ለሦስት ጆሮ የተነፋ ጀሪካን

አዲስ አበባ መንገድ ዳር በጋሪ የሚሸጥ የአሶሳ ማንጎ ካየሁ ማለፍ አልችልም። አንዱን አነሳና ከቅርንጫፉ በተቀነጠሰበት በኩል አሸተዋለሁ። ባለፈው አንዱ ሻጭ፣ «እህቴ፣ ትገዢዋለሽ ወይስ ትስሚዋለሽ?» አለኝ። ገዛሁለት፤ ምን ልበለው?

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ አሶሳ ያስተምር ነበር። ከእኛ ጋር በአንድ አጥር የሚኖሩት የበርታ ብሔረሰብ ሰዎች ነበሩ፤ እኩያዬ የሆነ ወንድ ልጃቸውና ታናሽ እህቱ ጓደኞቼ ሆኑ። በማንጎ ወቅት ፍሬው ከዛፉ እየተላቀቀ የቆርቆሮ ጣሪያችንን ሲመታው እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

የልጁ አጎት ገጠር ውስጥ ዋዛ ይነፋ ነበር። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም ጥሩንባ ነው። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ይነፋል፤ ዜማ የሚሆነው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። ጓደኛዬ ይህንን ወደ ቴሌግራም አመጣውና የሦስታችንን ግሩፕ ከፈተ። እሱ ባዶ ጀሪካን ይነፋል፣ እህቱ እርጥብ ነጠላ ጫማ ታጨበጭባለች፣ የእኔ ድርሻ ጣሪያ ላይ የሚወድቅ ማንጎ ነው። ስልኬን ይዤ ማንጎ እስኪወድቅ ስጠብቅ እናቴ ልጄን ምን ነካብኝ ትል ነበር። ወቅቱ ሲያልፍ ድንጋይ እየወረወርኩ እልክለታለሁ። እሱ ግን አይሸወድም፤ «ይሄ ድንጋይ ነው» ብሎ ይመልስልኛል። ድምፆቹን በስልኩ ቀጣጥሎ ሲልክልን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ከእኛ ሌላ የሰማው የለም።

አንዲት የክፍላችን ልጅ ቲክቶክ ላይ ልቀቁት፣ ላይኩ ይጎርፍላችኋል አለችን። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ልቤ ከጅሎ ነበር። እሱ ግን ሳቀና፣ «ዋዛ የሚነፋ ሰው ማን አየኝ ብሎ ዞር ካለ፣ ተራው አለፈ» አለ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ትምህርት ስንጨርስ ጓደኛዬ መተከል ውስጥ ድባጤ ዘመዱ ሱቅ ሊሠራ ሄደ። ከዚያም ሆኖ ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር ጀሪካኑን ይልክልን ነበር። በኋላ ኔትወርኩ ጠፋ። ቀጥሎ የተሰማው እዚያ በተነሣው ግጭት የሰው መገደል ነበር። አባቱ ከድባጤ የመጣ ሰው ሁሉ እየፈለገ ሲጠይቅ ሰነበተ፤ በመጨረሻ እዚያው መቀበሩን ነገሩት። ያን ቀን ከመስጊድ ሲመለስ ደጅ የነበረውን የልጁን ጫማ አንስቶ፣ አቧራውን አራግፎ ወደ ቤት አስገባው። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ለነፍሱ ከተበላው ሶደቃ በኋላ ያቺው የክፍላችን ልጅ መጣች። ክፉ አስባ አይደለም። ድምፁን ከፎቶው ጋር እንልቀቀው፣ አገር ምድሩ ያለቅስለታል አለች። እኔ ተስማማሁ፤ እንዲህ ያለ ልጅ እንደነበር ሰው ሁሉ ይወቅልኝ ብዬ። እህቱ ስልኳን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ወንድሜን አያውቁትም» አለች። «በጣታቸው ነካ አድርገው ያልፉታል። እሱ ለእኛ ነው የነፋው።»

አልለቀቅነውም። አንዳንድ ቀን ዛሬም ያስቆጨኛል፤ ወንድሟ ነውና ውሳኔው ግን የእሷ ነው።

ባለፈው ሳምንት አሶሳ ደወልኩላት። አሁን የሴት ልጅ እናት ናት። እያወራን ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። «ቆይ እስቲ» አለችኝና በሌላ ስልክ የሆነ ነገር ከፈተች። ጀሪካኑ ነበር። ልጅቷ ዝም አለች፤ ትንሽ ቆይታ ጥርስ ባላወጣ አፏ ፍርፍር ብላ ሳቀች።

«በማን እንደምትስቅ እኮ አታውቅም» አለች እናቷ።



«ድገሚላት» አልኳት።