ሁለት ምድጃ ያለበት የቦሩ ሜዳ ቤት

ንጋት 12 ሰዓት፣ ኮምቦልቻ

የፋብሪካችን ዕረፍት አንድ ቀን ነው፤ እሱንም ሚኒባስ ሊበላብኝ ነው። ቦሩ ሜዳ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ዘሀራ ከእበት በሚወጣ ጋዝ የሚነድ ምድጃ አስገብታ «ከጭስ ተገላገልኩ» ካለችኝ ወራት አልፈዋል። ትናንት ግን ደውላ «ጭሱ ዐይኔን ጨረሰው» አለችኝ። የቱ ጭስ? ነገሩ ስላልገባኝ ተነሣሁ።

የደሴ ዳገት መጠማዘዝ ሲጀምር ሾፌሩን «ኧረ ቀስ በል!» አልኩት።

«አብሽሪ እታለም፣ መንገዱ ያውቀኛል።»

እሱን ያውቀው ይሆናል፤ እኔን ግን አያውቀኝም። ዐይኔን ጨፍኜ ደረስኩ።

1፡30፣ ደሴ

ፒያሳ ወርጄ ለዘሀራ ባል አባት፣ ለአባ ሰይድ፣ ቴምር ገዛሁ። ብርዱ የኮምቦልቻ ሹራቤን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የቦሩ ሜዳው ሚኒባስ ጎመናቸውን በማለዳ ሸጠው በሚመለሱ ሴቶች ሞልቷል። አንዷ ባዶ ጆንያዋን ታቅፋ፣ የድንች ዋጋ በስልኳ በድምፅ እየቀዳች ለጎረቤቷ ትልካለች።

3 ሰዓት፣ ቦሩ ሜዳ

የዘሀራ ማድ ቤት ውስጥ ሁለት ምድጃ ይነዳል። በአንዱ ሰማያዊ የጋዝ ነበልባል፣ በሌላው እርጥብ ባሕር ዛፍ። የእህቴ ዐይን ደም መስሏል።

«ይኼኛው ለምኑ ነው?»

«ለአባባ ነዋ። የእበት እሳት ነጃሳ ነው፣ በሱ የበሰለ አልቀምስም አሉ። በቀን ሦስቴ ለሳቸው ለብቻ አነዳለሁ።»

ተናደድኩ። ለመሆኑ ዐሊሞች ተጠይቀዋል? ተጠይቀዋል። ዘሀራ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ስለ ምድጃው በሠለጠነችበት ቦታ ድምፅ ቀድቶ መላክ ተምራ፣ ደሴ ላሉ አንድ ሸህ ጥያቄዋን ልካለች። መልሱ ከመጣ ሦስት ቀኑ ነው።

«ታዲያ አታሰሚያቸውም?»

«ከጀርባዬ ከሰሰችኝ ቢሉኝስ? ወላሂ፣ ፈራሁ።»

እጇን ይዤ አወጣኋት። አባ ሰይድ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ቴምሬን ይቀምሳሉ።

«አባባ፣ ሸሁ የላኩት አለ፤ ይስሙልኝ» አለችና ስልኳን አውጥታ ነካችው። የሸሁ ድምፅ አልወጣም። የወጣው የራሷ ነው፤ በመልሱ ፈንታ ጥያቄዋን ነክታለች።

«ሸህዬ፣ ዐይኔ ማየት እየተወ ነው። አባባን ግን ማስቀየም አልፈልግም፤ እንደ አባቴ ናቸው። በእበት እሳት የበሰለ ይበላል? አይበላም ካሉኝ እንጨቱን አነዳለሁ፣ አላህ ያውቃል።»

ዘሀራ ደንግጣ ልታጠፋው ስትሞክር ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። ቀጥሎ የሸሁ ድምፅ መጣ፤ እሳቱ ምግቡን እንዳላረከሰው፣ መብላት እንደሚቻል ተናገሩ። አባ ሰይድ ግን እሱን የሰሙም አልመሰለኝ።

«ያችኛዋን ድገሚልኝ» አሉ። ተደገመች። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እኔ ዕንባዬ መጣ።

ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ማድ ቤቱ ገቡ፤ የውሃ ጣሳ አንሥተው እንጨቱ ላይ ቸለሱበት።

«ሻይ አፍዪልኝ» አሉ፣ እየሳሉ።

10 ሰዓት፣ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል

ዐይኔን እንደጨፈንኩ ስልኬ ጮኸ። የድምፅ መልእክት ነው። የተላከው ከዘሀራ ስልክ ነው፤ ድምፁ ግን የአባ ሰይድ ነው፣ ሰው በሸለቆ ማዶ የሚጣራ ያህል እየጮኹ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሰማል? ሰኞ ለዐይኗ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ። እኔው ራሴ!»