ከበሩ ጀርባ የተነሳው ካርድ

ሲስተር ቶሎ ይሏታል። ስሟ አይደለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቤቱ በር ባንኳኳች ቁጥር «ቶሎ ቶሎ፣ ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነው» ስትል የወጣላት ነው። ሥራዋ ከቤት መውጣት የማይችሉ በሽተኞችን ቁስል እቤታቸው ድረስ ሄዶ ማጠብና በፋሻ ማሰር ነው። ባሏ «የሰው ቁስል እንጂ የኔ ራስ ምታት መቼ ታይቶሽ ያውቃል» እያለ ይቀልድባታል። እሷም «አንተ ቆስለህ ና፣ ያኔ ተራ እሰጥሃለሁ» ትለዋለች።

ካርዱን የጀመረችው እሷ ናት። ማንም አላዘዛትም። በሽተኛው ቤት፣ ከበሩ ጀርባ፣ አንድ ወፍራም ካርቶን በምስማር ይሰቀላል፤ እስክሪብቶ በክር ታስሮ ይንጠለጠልበታል። መርፌ የሚወጋውም፣ መድኃኒት የሚያደርሰውም፣ አካል የሚያፍታታውም ከመውጣቱ በፊት ያደረገውን ከነሰዓቱ ይጽፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ያነበዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ስብሰባም ሥልጠናም አላስፈለገም።

ከነዚያ ካርዶች አንዱ ያለው ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ቤት ነበር። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን አድክሞታል፣ ግራ እግራቸው ላይም አራት ዓመት የቆየ ቁስል አለ። ሐኪሞች ሁለት ጊዜ «ይቆረጥ» ብለው ነበር። ሲስተር ቶሎ እንቢ አለች። በሳምንት ሁለት ቀን እየሄደች፣ እያጠበች፣ እየተቆጣች፣ እንቁላል የሚያህለውን ቁስል የሳንቲም ያህል አደረገችው። ልብስ ሰፊው «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልብስ ስጥፍ፣ እግሬን የሚጥፍልኝ ሰው ላገኝ ኖሯል» እያሉ ይስቁ ነበር።

ከዚያ የቤት ለቤት ሕክምናው ማሻሻያ መጣ። «የተቀናጀ ጤና ወደ ቤትዎ!» የሚል ጨርቅ ጤና ጣቢያው ላይ ተሰቀለ። ጨርቁ ከትልቅነቱ የተነሳ የመዝገብ ክፍሉን መስኮት ስለሸፈነው፣ እዚያ ያሉት ልጆች በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተው ይሠራሉ። ሐሳቡ መቼም ክፉ አልነበረም። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችው ሲስተር ቶሎ ነበረች፤ እስከ ዛሬ በዚያ ጭብጨባ ታፍራለች።

ካርዶቹ «ኮምፒውተር ውስጥ እንዲገቡ» ተብለው ከየቤቱ ተለቅመው በካርቶን ታሸጉ። ሠራተኛው በሦስት ተከፈለ፦ የስኳር ቡድን፣ የአረጋውያን ቡድን፣ የቁስል ቡድን። ለሦስቱም ታብሌት ተሰጠ፤ የየራሳቸው የይለፍ ቃል ወጣላቸው። አንዱ የጻፈውን ሌላው አያየውም። መቀናጀት ማለት ይህ ነው እንግዲህ!

«ታብሌቶቹ መቼ ነው የሚተያዩት?» ብላ ሲስተር ቶሎ የማሻሻያውን አስተባባሪ ጠየቀችው።

«ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይገናኛሉ ሲስተር።»

«እስከዚያ በሽተኛው የትኛው ምዕራፍ ላይ ይቆይ?»

አስተባባሪው ፈገግ አለ። ፈገግታ አያልቅበትም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የስኳር ቡድኑ ልብስ ሰፊው ቤት መጥቶ ኢንሱሊን ወጋ። ሰዓት ተኩል እንኳ ሳይሞላ የአረጋውያን ቡድን መጣ። የሱ ታብሌት «አልተሰጠም» ስለሚል እሱም ወጋ። ባለቤታቸው ጠዋት ጠዋት ሱቅ ስለሚውሉ ቤት አልነበሩም። ሰውየው ደግሞ የመጣን ሰው ማሳፈር አያውቁበትም፤ ይኼኛው የእግሬ ይሆናል ብለው ክንዳቸውን ሰጡ። ሲስተር ቶሎ ፋሻ ልትቀይር ስትደርስ ስኳራቸው ወርዶ ላብ አጥምቋቸው፣ አንደበታቸው ተሳስሮ ወለል ላይ ወድቀው አገኘቻቸው። ከቦርሳዋ ግሉኮስ አውጥታ ደም ሥራቸውን ፍለጋ ተንበረከከች። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ የተናገሩት «እንግዶቹ ሄዱ?» የሚል ነበር።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ግምገማ ተጠራ። አስተባባሪው ዓይኑን በጨው ታጥቦ ቆመና የወሩን ምርጥ ቤት ግድግዳው ላይ አሳየ፦ በአንድ ቀን ሦስት ጉብኝት። የልብስ ሰፊው ቤት ነበር። ተጨበጨበ። ሲስተር ቶሎ ደሟ ፈላ፤ እጇንም ሳታወጣ ብድግ አለች።

«እዚያ ቤት እኮ ሰው ሊሞት ነበር!»

«ሲስተር፣ እሱ በሌላ መድረክ ይታያል። እዚህ የምናየው ተደራሽነትን ነው።»

«አንድን ሰው ሁለቴ መውጋት ነው ተደራሽነት? ካርዶቻችንን መልሱልን!»

«ወረቀት ወደ ኋላ መመለስ ነው።»

«እንመለሳ! ኋላ እኮ ሰውየው ደህና ነበሩ!»

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው ስልኩን ማየት ጀመረ። ከነዚያ መሃል ሁለቱ ሰውየውን የወጉት ልጆች ነበሩ፤ አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያያሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ «አንዲት ባለሙያ አስተያየት ሰጥታለች» ተብሎ ተጻፈ። ያን ሁሉ ንዴት በአራት ቃል ገላገሉት።

ሰኞ ዕለት ደብዳቤ ደረሳት። በበሽተኛ ቤት ወረቀት መስቀል ተከልክሏል፤ የቁስል ጉብኝትም ለሌሎች ቡድኖች ቦታ ለመልቀቅ በሳምንት አንድ ጊዜ ሆኗል። ደብዳቤውን ከምንም አልቆጠረችውም፤ ልብስ ሰፊው ቤት አዲስ ካርድ ሰቀለች። ነገር ግን ሌሎቹ ቅጣት ፈርተው አልጻፉበትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያ ላይ የነበረው የእሷ እጅ ጽሑፍ ብቻ ነው።

በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ፋሻውን ስትፈታ ሽታው ቀድሞ መጣ። ቁስሉ አፉን ከፍቷል፣ ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል። አራት ዓመት የታገለችለት እግር እንዳበቃለት ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም። ከወንበራቸው አጠገብ ያለው የውሃ ማሰሮ ባዶ ነበር፤ ስኳር ከፍ ሲል ያስጠማል።

«ጋሼ፣ ዛሬ መርፌዎን ተወግተዋል?»

«ተወግቻለሁ ልጄ።»

ጣታቸውን ወጋ አድርጋ ስኳራቸውን ለካች። መሣሪያው ቁጥር መስጠት አቅቶት «ከልክ በላይ» ብቻ አለ።

«ጋሼ፣ አልተወጉም።»

ያንን የደከመ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

«አልተወጋሁም» አሉ። «ፈራሁ ልጄ። የትኛው ስንተኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ? መርፌ ይዞ የመጣውን ሁሉ ተወግቻለሁ እለዋለሁ። ለባለቤቴም እንደዚያው ነው የምላት።»

አምቡላንስ ለመጥራት ስልኳን አወጣች።

«ስንት ቀን ሆነዎት?»

«ስድስት።»

«ስድስቱንም ቀን ሰው መጥቷል?»

«አንድም ቀን አልቀሩም። አንዳንዴ ሁለት ቡድን ይመጣል» አሉ። «ማንም ጣቴን አልነካም ልጄ። ጎሽ አባባ ይሉኝና፣ ያቺን ታብሌታቸውን ጠቅ አድርገው ይሄዳሉ።»