የምሰሶው እግር

ትናንት እዚህ ቆቦ ጎረቤቴ ለአጥር የሚተክላቸውን እንጨቶች ምስጥ እንዳይበላቸው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ሲቀባ ሽታው በመስኮት ገባ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ቀድሜ የማየው ጣሪያዬን ነው።

ሮቢት ያደግሁበትን ቤት የሠራው አያቴ ነበር። መካከለኛውን ምሰሶ ሲተክል መሬት የሚገባውን የምሰሶውን እግር በእሳት ለብልቦ አጥቁሮት ነበርና፣ ምስጥ የሰፈሩን ቤት ሁሉ ሲጨርስ የኛን አይነካም እየተባለ እንኮራ ነበር። ክረምት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ደጃችን ድረስ ስለሚመጣ፣ አባዬ በየዓመቱ አፈር እያመጣ ወለሉን ከፍ ያደርጋል፣ እኔ እየጨፈርኩ እጠቀጥቀዋለሁ፣ እማዬ በእበት ትለቀልቀዋለች። ጎርፉን ስንሸሽ አፈሩ ከተለበለበው በላይ ወጥቶ ያልተለበለበውን እንጨት መንካቱን ግን አንዳችንም ልብ አላልንም።

መጀመሪያ የጠረጠረችው እማዬ ናት። ጠዋት ጠዋት ምሰሶውን በዘነዘና መታ መታ እያደረገች ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ድምፁ እንደ ባዶ እንስራ ሲሆንባት እንለውጠው አለች። አባዬ የአባቱ እጅ የተከለውን መንቀል እንደ እርግማን ያየው ነበርና "ወላሂ፣ ይሄ ምሰሶ እኔንም ይቀብራል" ብሎ ዘጋት። ለኩራት የተናገረው ቃል እኔን እንቅልፍ ነሳኝ፤ ከምሰሶው ሥር እንደ ዱቄት ያለ ነገር ባየሁ ቁጥር ቀና ብዬ ጣሪያውን አያለሁ።

ነሐሴ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣና ምሰሶው ቋ አለ። ጣሪያው ዘመም ሲል አባዬ ዘሎ አቀፈውና ትከሻውን ሰጠው፤ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ እማዬን "ልጅቷን ይዘሽ ውጪ" አላት። ዝናብ ውስጥ ቆሜ በሩን ያየሁበት ያ ጊዜ፣ አላህ ያውቃል፣ እስከ ዛሬ አላለቀልኝም። በመጨረሻ ጎረቤቶች ባላ ይዘው ደርሰው ጣሪያውን ደገፉ፣ አባዬም ወጣ። በማግስቱ ምሰሶውን ራሱ ቆረጠው። ውስጡ አፈር ብቻ ነበር፤ አያቴ ያጠቆረው እግር ግን ከወለሉ ሥር እንደነበረ ደህና ወጣ።

አባዬ ከሞተ ቆይቷል፤ እኔም የምኖረው በሲሚንቶ ቤት ነው። የዚህን ቤት ምሰሶ በጣቴ ሳንኳኳ ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ምን እንደሚልም ይጠይቁኛል። ምንም አይለኝም። ያኛው ቤት ሊወድቅ ሲል ይናገር ነበር፣ ቢወድቅም ትከሻውን የሚሰጥ ሰው ነበረን። አሁን ዝናቡ በጠና ቁጥር፣ ልጆቼ እስኪወጡ ከውስጥ የሚቀረው ማን ነው እላለሁ። እኔ ነኝ፤ ትከሻዬ ግን የአባዬን አያክልም።