የከሰዓቱ ስብሰባ

የመዋኛ ገንዳው ጠባቂ ሰውየውን ልብ ካለችው ሰንበት ብላለች። ትምህርት ቤት በተዘጋበት በዚህ ወር፣ ገንዳው በልጆች ሲጨናነቅ፣ እሱ በሥራ ቀን ከሰዓት ብቻውን ከች ይላል። ሽበታም ነው፣ ቦርጭም አለው። በከረባት ታንቆ ሲገባ ፊቱ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ይመስላል። ሱፉን አጥፎ ወንበር ላይ ያኖርና፣ ዋና የለ ምን የለ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ ለሸርተቴው ከልጆቹ ኋላ ይሰለፋል። ዓይኑን ጨፍኖ ቁልቁል ይንሸራተታል። ከውሃው ሲወጣ ያ ፊት የለም፤ ጥርስ በጥርስ ሆኗል።

ዛሬ ጠባቂዋን አላስችላት አለ።

"ጋሼ፣ ልጅ ይዘው ነው የሚመጡት?"

"አይ፣ ራሴን ነው" አላት ፎጣውን እያነሳ። "እሱንም በስንት ልመና!"

ይኸኔ ስልኩ ጠራ። ሰውየው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ አነሳው። ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ።

"ስብሰባ ላይ ነኝ አላልኩህም? አዎ፣ ከበድ ያለ ነው። የምን ጫጫታ? ተሰብሳቢው ነዋ! ሁሉም እኔ ካልቀደምኩ ይላል።"

ጠባቂዋ ሳቋን ለማፈን ፊቷን አዞረች። የማን አለቃ ይሆን? ወይስ እሱ ነው ከአለቃው የሚደበቀው?

ከሸርተቴው መሰላል ሥር አንዲት ልጅ እጇን እያውለበለበች ጮኸች፦ "ጋሼ፣ ተራዎ ደረሰ! ቶሎ ይምጡ!"

"ሰማህ አይደል?" አለ ሰውየው በስልኩ፣ ኮስተር እንዳለ። "እኔን እየጠሩኝ ነው።"