እናቴ አፌን ስታሸት

ቢቸና ገበያ ያሉ ቅቤ ሻጮች እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ሙዝ አልቀላቀሉበትም ብዬ ስለማላምን ከላይም ከሥርም ቆንጥሬ፣ በጣቴ አሽቼ ሳላሸት አልገዛም። ባለፈው ቅዳሜ ግን የለጋው ቅቤ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ሞጣ ያለው የልጅነት ቤታችን፣ የነሐሴ ጭቃና በር ላይ የቆመችው እናቴ ድቅን አሉብኝና ዋጋ መከራከሩን እንኳ ረሳሁት።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልጅ በምክር ይታነጻል ብላ አታምንም፤ የምታምነው አፍንጫዋን ነበር። በፍልሰታ ጾም ከደጅ በገባሁ ቁጥር «ሀ በዪ!» ትለኛለች፤ አፌን ከፍቼ ሀ ስል ጎንበስ ብላ ታሸተኛለች፤ ጎረቤት ወተት ቀምሼ እንደሆነ ለማጣራት መሆኑ ነው። የሰው ቤት አትብዪ፣ የሰው ዕቃ አትንኪ፣ አትዋሺ ትለኛለች፤ ብምልላትም አታምነኝም።

ሰባት ዓመት የሞላኝ ክረምት የመጀመሪያ ጾሜን ጾምኩ። ከሠፈሩ ልጆች ጋር ልቆርብ ነጭ ቀሚሴ ታጥቦ ሳጥን ገብቷል፤ እኔም ቀኑን በጣቴ እየቆጠርኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በዋዜማው ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ጋ ሄድኩ፤ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ነርስ ናቸው። ብርዱ የሰነጣጠቀውን ከንፈሬን ሲያዩ አዘኑና ቅቤ ቀቡኝ። ወይ ጉድ! ምላሴ እንዳይነካው አፌን በግድ ከፍቼ፣ እንደ ሞኝ እያለከለክሁ ወደ ቤት ሮጥኩ።

«ሀ በዪ!» አለች እናቴ።

ሀ አልኩ። ፊቷ ተለወጠ። «ቅቤ!»

«እትዬ አልማዝ ከንፈሬን ቀብተውኝ ነው፤ ማርያምን!»

«ጭራሽ በማርያም ጾም ማርያምን ትምያለሽ? ቅቤ ለራስ እንጂ ለከንፈር ማን ቀብቶ ያውቃል?»

ሄደሽ ጠይቂያቸው ብዬ ባለቅስም በልጅ ወሬ የሰው ደጅ አልረግጥም አለች። በማግስቱ ልጆቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። እውነት ተናግሬ ነው እኮ የቀረሁት! ከዚያ ወዲያ ብልጥ ሆንኩ፤ ወተቴን ጠጥቼ፣ ጤና አዳም አኝኬ ሀ እላለሁ፤ እናቴም «የኔ ጨዋ» ብላ ግንባሬን ትስመኛለች።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ታማ አልጋ በያዘች ሰሞን የቅቤውን ነገር አነሳሁባት።

«አልማዝ በሦስተኛው ቀን ራሷ ነግራኛለች» አለች፣ ምንም ሳይመስላት።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ወላጅ አጥፍቻለሁ ካለ ልጅ ማንን ይፈራል?»

ተናደድኩ፤ ግን የሞት አልጋ ላይ ያለች እናት ምን ይሏታል? ትራሷን አስተካክዬላት ወጣሁ።

ዛሬ እኔም የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ። አላሸታትም፤ ያን ምዬ ትቻለሁ። የት እንደዋለች፣ ምን እንደበላች ስትነግረኝ «እሺ፣ የኔ ልጅ» እላትና ዞር ስትልልኝ ነጠላዬን ጣል አድርጌ፣ እናቴ የማትረግጠውን የሰው ደጅ እያንኳኳሁ አጣራለሁ። አንድም ቀን ዋሽታ አላገኘኋትም። አንድም ቀን! ቁርባኑንስ በዓመቱ ቆረብኩ፤ ልጄን አምኜ ቤቴ መቀመጥ ግን እስከ ዛሬ አቅቶኛል።