ጋሽ ተፈራ እና የሐምሌው ባሕር

በሲያትል ኤርፖርት፣ በሲታክ አካባቢ የምንሠራ ሁሉ የምናውቃቸው የሻትል ሹፌሩ ጋሽ ተፈራ፣ ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ እጃቸውን እንደያዙ በቤታቸው አርፈዋል። ዜናው ከከተማው ማዶ ሊንውድ ላሉት አበሾች ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ለቅሶ ቤት የተሰበሰበው ሰው ግን ያወራ የነበረው ስለ ባሕር ነው፤ ማን ከመኪና በግድ እንደ ወረደ፣ የማን ነጠላ በነፋስ እንደ ተወሰደ። ሰዉ ይስቃል፣ መሳቁ ያሳፍረዋል፣ መልሶ ያለቅሳል። ይህን የምጽፈው በእሳቸው ነጭ ቫን አንድ ጊዜም ቢሆን ለተሳፈራችሁ ሁሉ ነው።

እኔ ያወቅኋቸው በሥራ ነው። አሜሪካ በገባሁ ሰሞን ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ ስቀጠር፣ ተሳፋሪ እያመላለሱ ያገኙኝና ውሃ ጠጣሁ አልጠጣሁ ብለው ይጠይቁኝ ነበር። አንድ ቀን እስካሁን ምን ምን እንዳየሁ ጠየቁኝ። ሥራ፣ ቤትና ቤተ ክርስቲያን አልኳቸው።

«እና ይሄ አገር ዳር እንዳለው የነገረሽ የለም?» አሉኝ።

ባሕሩን እንዳይ የቅዳሜ ፈረቃዬን የሚሸፍንልኝ ሰው ለምነው ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው። በሚቀጥለው ሐምሌም ለሌላ አዲስ ገቢ እንዲሁ አደረጉ።

ወደ ባሕር የሚወስዱን ጉዞ በዓመት አንድ ቅዳሜ ነው። ቀኑ የሚቆረጠው የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ እስኪገባ ባለችው ክፍተት ነበር። የጋሽ ተፈራ ጭንቀት ሥጋው አልነበረም፤ ሰዉ በጾም አሳቦ እንዳይቀርባቸው ነው። ከሲያትል ወደ ምዕራብ ሦስት ሰዓት ያህል ይነዳል፤ ጫካውና የከብት መስኩ ያልቅና የአሣ አጥማጆቹ ትንንሽ ቤቶች ይጀምራሉ።

የመጀመሪያውን ጉዞ ታሪክ ስንቴ እንዳወሩን እንጃ። ባሕሩ ከአሸዋ ጉብታ በስተጀርባ ስለሆነ ከፓርኪንጉ አይታይም። እንደ ደረሱ ሴቶቹ ድስት አወረዱ፣ ወንዶቹ ከሰል አያያዙ። «በሞቴ» ተባለ፣ «አፈር ስሆን» ተባለ፣ ጉርሻው ቀጠለ፣ ጨዋታው ደራ፣ መሸ፣ ተመለሱ። ሰኞ ዕለት ፊሊፒናዊው የሥራ ባልደረባቸው «ውቅያኖሱ እንዴት ነበር?» ቢላቸው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም ያየው አልነበረም!

ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣ። ቫኗን ፓርክ ያደርጉና ቁልፉን ኪሳቸው ይከታሉ። «መጀመሪያ ባሕሩ፣ ከዚያ ድስቱ! እጁ እርጥብ ያልሆነ ሰው ምሳ የለውም» ይላሉ፤ ሁሉም ሰው ውሃ ሳይነካ የኋላው በር አይከፈትም። ቄስ ቢሆን፣ ነፍሰ ጡር ብትሆን፣ ምሕረት የለም። አንዲት ሴት ብቻ ይህን ሕግ አሸነፈችው፤ እሷም ሚስታቸው ናት። እትዬ ዘነቡ ከፊት ወንበር ንቅንቅ አይሉም። «ውሃ በቧንቧ ሲመጣልኝ ይበቃኛል። እኔ ከድስቴ አልለይም» ይላሉ። ጋሽ ተፈራ በየዓመቱ በሩን ከፍተው ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፣ በየዓመቱ ብቻቸውን ይወርዳሉ።

«ስንቱን አወረድኩ፤ ዘነቡን ብቻ አቃተኝ» ይሉኝ ነበር። እየሳቁ ነው የሚሉት፤ ግን ያማቸው እንደ ነበር አውቃለሁ።

ታዲያ ከወረዱ በኋላ እንደ ልጅ ነበሩ። ባሕሩ ሲሸሽ ድንጋዮቹ መካከል በሚቀረው ውሃ ውስጥ የባሕር ኮከብ ይፈልጋሉ። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይጮሁባቸዋል፣ እሳቸው በአማርኛ ይመልሳሉ፣ ደግሞም ይግባባሉ። ነፋሱ ሲነሣ በክር የምትበር ካይት ይለቃሉ። ከሰዓት በኋላ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወስደውን፣ ፈቃድ አውጥተው፣ ወጥመድ ተከራይተው ሸርጣን ያጠምዳሉ፤ ማባበያውም የዶሮ ቅልጥም ነው።

«ጋሼ፣ ለሸርጣን ዶሮ? ያውም ለማንበላው ፍጥረት!» ብለን አንድ ጊዜ ተነሣንባቸው።

«አለመብላቴ ማጥመዱን ይከለክለኛል እንዴ?» አሉና ገመዱን ሳቡት። የተያዘው ሁሉ ለዚያ ፊሊፒናዊ ባልደረባቸው ይሄዳል፤ እሱም ሐምሌን ከእኛ በላይ ይናፍቅ ነበር።

ከፋሲካው በፊት፣ በብርዱ ወራት ሕመማቸው ሲጠና ልጠይቃቸው ሄድኩ። እትዬ ዘነቡ ጓዳ ሲገቡ ጠብቀው፣ «በእኔ አሳባችሁ እንዳትቀሩ። እሷንም ቤት ጥላችኋት እንዳትሄዱ» አሉኝ። እሺ አልኩ።

እሺ ማለት ቀላል ነው። ሐምሌ ሲቃረብ ተሰብስበን ሳለ አንድ ትልቅ ሰው «ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ሽርሽር? ሰው ምን ይለናል?» አሉ። አነጋገራቸው ክፉ አልነበረም፤ ወጉም ያው ነው። የጋሽ ተፈራን ቃል ጠቅሼ ልከራከር አፌን ስከፍት፣ እትዬ ዘነቡ በጥቁር ልብሳቸው ከጥግ ተነሡ።

«ስንት ዓመት ሙሉ አልወርድም ስለው፣ በእኔ አኩርፎ ቀርቶ ያውቃል? እናንተስ በእሱ ለምን ትቀራላችሁ? ድስቱን እኔ አዘጋጃለሁ፤ ሹፌር ፈልጉ።»

ጋሼ፣ እንግዲህ ሄድን። የነዳሁት እኔ ነኝ። መውጫውን ስቼ አለፍኩት፤ ቫኗ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሹፌር ሆኖብኝ ነበር፤ እርስዎ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት እንደ ቻሉን ያኔ ገባኝ። ስንደርስ ሁሉንም ወደ ባሕሩ አዘዝኩ፤ እትዬን ግን በሐዘናቸው ውረዱ ለማለት ድፍረቱን አጣሁ። በሩን ከፍቼላቸው ወደ ውሃው ወረድኩ።

ዞር ስል እትዬ ጉብታው ላይ ቆመዋል፤ ጥቁሩን ልብስ በአንድ እጅ ሰብስበው፣ ጫማቸውን በሌላው ይዘው። ቀስ ብለው ወርደው እኛን አልፈው ሄዱ። ሞገዱ ቁርጭምጭሚታቸውን ሲነካው ጮኹ፣ ከዚያ በእርስዎ ተቆጡ፤ «ይሄን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ለምን አልነገረኝም!» አሉ። እኛ ሳቅን፣ እሳቸውም ሳቁ፣ ዕንባቸው እየወረደ።

ናፍቀውናል ጋሼ፤ ነፍስዎን በደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። ስለ እትዬ ግን አይጨነቁ። ለምሳ ብንጠራቸው ዞር ሳይሉ፣ «እናንተ ብሉ፣ እኔ ትንሽ ልቆይ» ብለውናል።